ልጄ በሁለት አገር ሆስፒታል ተኝቶ ሁለት ዓይነት ማዘዣ ተጻፈለት፤ የትኛው ነው ልክ?

የሚካ እናት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጄ 3 ዓመቱ ነው። አምና እዚህ ሜሪላንድ የሳንባ ምች ይዞት ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ተኛ። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን አደረጉለት፣ አምፒሲሊን በደም ሥሩ በየ6 ሰዓቱ ሰጡት፣ ለትኩሳቱ ታይለኖል (እዚህ ፓራሲታሞል የሚሸጥበት ስም ነው)። በቃ። ስንወጣ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ ጻፉልን። ለሳሉ ምንም አልሰጡትም፣ እኔም በጣም ተናድጄ ነበር።

ዘንድሮ ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄድን። በሦስተኛው ሳምንት ያው ትኩሳት፣ ያው ሳል፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ። ሌሊት አቅፌው ሮጥኩ፣ አስተኙት። የሆስፒታሉን ስም አላነሳም። ሰዎቹን እግዜር ይስጣቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአጠገቡ አልተለዩም። ጠዋት ግን ማዘዣዎቹን ስደምር ግራ ገባኝ። ሴፍትሪያክሶን (ጀርም የሚገድል መርፌ) 500 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ፣ ዴክሳሜታዞን በመርፌ፣ ሳልቡታሞል ሽሮፕ፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ የሳል ሽሮፕ፣ መልቲቫይታሚን። ስድስት! ሦስቱን ወንድሜ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ነው ያመጣው።

እህቴ ደግሞ እስራኤል ናት። የሷ ልጅ ስትታመም ለትኩሳት ኦፕታልጊን ጠብታ ተሰጣት። ይህን እዚህ ላለችው ሐኪማችን ስነግራት ደነገጠች። «እሱ መድኃኒት እኮ አሜሪካ ውስጥ ከ1977 ጀምሮ የለም» አለችኝ።

እንግዲህ ልጅ በየአገሩ ይለያያል እንዴ? አንዱ ጋ አብዝተው ነው ወይስ ሌላው ጋ አሳንሰው? አክስቴ «የአሜሪካ ሐኪም መድኃኒት ይሰስታል» ትላለች። እውነቱን ልናገርና ያን ጊዜ ልቤ ያረፈው አዲስ አበባ ነው፣ የሆነ ነገር እየተደረገለት ነው ብዬ። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የምታውቁ አስረዱኝ።


ፋርማሲስቷ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን ማረልሽ። የሆስፒታል ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፣ የልጆች ክፍል ማዘዣ በየቀኑ በእጄ ያልፋል።

መጀመሪያ የሴፍትሪያክሶኑን መጠን ላስላልሽ። ኪሎውን አልጻፍሽም፣ 14 ነው ብዬ ልነሳ። 500 ሁለቴ 1000 ነው። ለ14 ሲካፈል በቀን 71 ሚሊ ግራም በኪሎ ይመጣል። የተለመደው ከ50 እስከ 100 ስለሆነ መጠኑ አያስፈራሽ። ጥያቄ የሚያስነሳው ምርጫው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታል ለተኛ ልጅ፣ ለከባድ የሳንባ ምች፣ መጀመሪያ የሚያዘው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ነው። አምፒሲሊኑ 50 ሚሊ ግራም በኪሎ በየ6 ሰዓቱ፣ ጄንታማይሲኑ 7.5 ሚሊ ግራም በኪሎ በቀን አንዴ። ሴፍትሪያክሶን የሚመጣው ያ አልሠራ ሲል ነው። ልጁ ትንፋሹ ቢፈጥንና ደረቱ ቢሰረጉድም ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው፣ ማለት ከጠጣ፣ ካልፈዘዘ፣ ኦክስጅኑ ካልወረደ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ ይበቃዋል። ይሄ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መመሪያው ላይ ያለ ነው። ስለዚህ ሜሪላንድ ያደረጉልሽ መሰሰት አይደለም።

እኛ ጋ ታዲያ ለምን ሴፍትሪያክሶን? የማየውን ልንገርሽ። አምፒሲሊን በቀን 4 ጊዜ ነው። ሌሊት ላይ አንዲት ነርስ ክፍል ሙሉ ልጅ ይዛ፣ አንዱ ካኑላ (ደም ሥር ላይ የሚሰካው ቱቦ) ሲነቀል ሌላው ሲያብጥ፣ 6 ሰዓትና 12 ሰዓት ላይ ለሁሉም በጥብጣ መድረስ አለባት። ሴፍትሪያክሶን በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። ከዚያ አምፒሲሊን ከመደርደሪያ የሚጠፋበት ሳምንት አለ፣ ሴፍትሪያክሶን ጠፍቶ ግን እምብዛም አላየሁም። ካልቸር (ጀርሙን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) የማይሠራበት ሆስፒታል ብዙ ነው፣ የሚሠራበትም ውጤቱ ቀናት ይወስዳል። ጀርሙን ማየት ያልቻለ ሐኪም ብዙ ጀርም የሚመታውን ይመርጣል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ልጁ በእጁ እንዳይሞትበት ፈርቶ ነው።

አስታማሚውም አለ። «መርፌ እንኳ አልወጉትም» ብሎ ልጁን ይዞ የሚወጣ አባት በዓይኔ አይቻለሁ። መርፌ ከሽሮፕ ይበረታል የሚለው እምነት ብዙ ማዘዣ አጽፏል። አሞክሲሲሊን በአፍ ገብቶ ደም ውስጥ በደንብ ይደርሳል። ልጁ የማያስመልሰው ከሆነና መጠኑ ከተጠበቀ ሽሮፕ ነው ብሎ መናቅ የለም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 (እ.ኤ.አ.) ፀረ ተሕዋስያንን (አንቲባዮቲኮችን) በሦስት መደባቸው፤ መጀመሪያ የሚያዙ፣ በጥንቃቄ የሚያዙ፣ ለመጨረሻ የሚቀመጡ። ሴፍትሪያክሶን ሁለተኛው ውስጥ ነው። እኛ ግን እንደ መጀመሪያው ነው የያዝነው። ጀርሞቹ ከለመዱት በኋላ ቀጥሎ የሚመጣው መድኃኒት ዋጋው የት እንደሚደርስ የምናውቀው እኛ ፋርማሲ ቆመን ብር የሚቆጥሩ እናቶችን የምናይ ሰዎች ነን።


የደሴው አባት

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። ሴት ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሯ እያለ በትኩሳት ራሷን ስታ፣ አንገቷ ደርቆ ነው ሆስፒታል የደረስነው። ሴፍትሪያክሶን ነው ያተረፈልኝ። ዛሬ 2ኛ ክፍል ናት። ውጭ አገር ተቀምጦ «በዛ» ማለት ቀላል ነው። እኛ ጋ ሐኪሙ ነገ ልጁን እንደገና ላያየው ይችላል። ቤቱ ሁለት ቀን መንገድ ነው። ቢያበዛ ምን ይደንቃል?


የልጆች ሐኪም (ጎንደር)

የደሴው ወንድሜ፣ ልጅህን እንኳን ማረልህ። ትክክል ነህ፣ ልጅህ የያዛት ከገለጽከው ማጅራት ገትር ይመስላል፣ ለሱ ደግሞ ሴፍትሪያክሶን አንደኛው ምርጫ ነው፣ ያለ አንዳች ማመንታት እንሰጠዋለን። ለሳንባ ምች ሁሉ አታፍስሱት የምለው በዚሁ ምክንያት ነው። እንዳንተ ልጅ ያለችው ሌሊት 8 ሰዓት ስትመጣ እንዲሠራ።

የመንገዱንም ነገር ልክ ነህ። ለነገ ቀጠሮ ብሰጠው የማይመለስ ልጅ ስንት አለ። እኔም ያንን አስቤ አንድ መድኃኒት ጨምሬ የጻፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ስዊድን ያለ ሐኪም «ነገ ደውይልኝ» ማለት ይችላል። እኔ አልችልም። ማዘዣ ላይ የሚታየው ልዩነት ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሚካ እናት። ሴፍትሪያክሶኑን ፋርማሲስቷ በደንብ ነግራሻለች። አንድ ልጨምር። አሜሪካኖቹ ሆስፒታል ለተኛ ልጅ አምፒሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ይበቃል ያሉት በ2011 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መመሪያ ነው፣ ያውም ክትባቱን ለጨረሰ ልጅ ብለው። ላልተከተበው ሴፍትሪያክሶን ይላሉ። የኒሞኮካል ክትባት (የሳንባ ምች ከሚያመጡት ጀርሞች አንዱን የሚከላከለው) ኢትዮጵያ የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ የሚካን የክትባት ካርድ ይዘሽ ነበር? ሌሊት ሲገባ ማንም ካርዱን ካላየ ሐኪሙ ያልተከተበ ልጅ ነው ብሎ ቢነሳ አልፈርድበትም።

የቀሩት አምስቱ ግን እያንዳንዳቸው ሊጠየቅባቸው ይገባ ነበር።

ዴክሳሜታዞን ለተራ የሳንባ ምች አይሰጥም። ጉሮሮው አብጦ እንደ ውሻ ጩኸት ለሚያስለው ልጅ ድንቅ መድኃኒት ነው፣ አንዲት መጠን ሌሊቱን ታሳልፈዋለች። ሚካ እንደዚያ ያስል ነበር?

ሳልቡታሞል ደረቱ ሲር ሲር ለሚል ልጅ ነው፣ ለሱም ቢሆን ሽሮፑ ደካማ ነው፣ ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። የሚነፋው ይሻላል። ከፓፉ (መድኃኒቱን ከሚነፋው ዕቃ) የሚወጣውን ተቀብሎ ለልጁ የሚያደርስ ዕቃ እኛ ጋ ስለሌለ በሃይላንድ እንሠራዋለን። ግማሽ ሊትር የውኃ ሃይላንድ ወስደን፣ ቂጡን በጋለ ሽቦ በፓፉ አፍ ልክ ቀደን፣ ፓፉን እዚያ እንሰካለን። አየር እንዳያስወጣ ዙሪያውን በፕላስተር። ልጁ በሃይላንዱ አፍ በኩል ይተነፍሳል። ይሄ የድህነት መላ ብቻ እንዳይመስልሽ። ኬፕታውን ውስጥ ፋብሪካ ከሠራው ጋር አወዳድረውት እኩል ሠርቷል፣ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ለእናቶች ሳሳያቸው መጀመሪያ ፊታቸው ይጨልማል፣ ከዚያ 20 ደቂቃ ቆይተው የልጃቸውን ደረት ያያሉ።

የሳል ሽሮፕ። እባካችሁ ተዉት። አሜሪካ ከ2 ዓመት በታች አትስጡ ያለችው በ2008፣ እንግሊዝ ደግሞ በ2009 ከ6 ዓመት በታች ብላ ነው። ሳሉን አያድነውም፣ ጉዳት ግን አለው። በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ወደ 70 የሚጠጉ ልጆች ኩላሊታቸው ቆሞ ያለቁት በተበከለ ሽሮፕ ነው። ልጁ ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ ማር በሞቀ ውኃ ስጡት። እናቶቻችን ያወቁት ነገር ነው።

መልቲቫይታሚኑ ጉዳት የለውም፣ ገንዘብ ነው። ፓራሲታሞሉ ልክ ነው።


ነርስ ነኝ (ጎተንበርግ፣ ስዊድን)

ውይይቱ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። ጥቁር አንበሳ ተምሬ፣ አገር ቤት 4 ዓመት ሠርቼ፣ አሁን እዚህ የልጆች ክፍል 9ኛ ዓመቴ ነው። ሁለቱንም አይቻለሁ።

መጀመሪያ ስመጣ ያስደነገጠኝ ፔኒሲሊን ነው። ለሳንባ ምች ተኝቶ ለመጣ ልጅ ያው የድሮው ፔኒሲሊን! አገር ቤት ያረጀ ብለን የተውነው። ስዊድኖች ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሐኪሞቻቸው ሰፊ ፀረ ተሕዋስያን እንዳያበዙ በየአካባቢው የሚከታተል ቡድን አቋቁመው ለፍተውበታል። ስለዚህ ጀርሞቹ እዚህ ፔኒሲሊንን አልለመዱም። አሮጌው መድኃኒት የሚሠራው ስላልባከነ ነው።

ሌላው ክብደት ነው። እዚህ ልጁ ሳይመዘን መድኃኒት አይታዘዝም፣ እኔ ያሰላሁትን ሌላ ነርስ እንደገና ታሰላዋለች። አገር ቤት ሌሊት ሚዛኑ ተበላሽቶ በዕድሜ ገምተን የሰጠንበትን ቀን አስታውሳለሁ። ልጁ 4 ዓመቱ ነበር፣ የ2 ዓመት ልጅ ነው የሚመስለው። ጠዋት ሚዛን ተገኝቶ ሲመዘን 10 ኪሎ ሆነ። በ16 አስበን ነበር የሰጠነው። ደግነቱ ምንም አልሆነም፣ ግን እስከ ዛሬ ያ ልጅ ከፊቴ አይጠፋም።

አውሮፓ ሁሉም ጥርት ያለ ነው ብላችሁም እንዳታስቡ። በ2000 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ፣ እንግሊዝ፣ ስዊድን፣ ጀርመን፣ ጣሊያንና ሆላንድ ያሉ አምስት ሆስፒታሎችን ያየ። 624 ልጆች ነበሩ፣ ከነሱ 421ዱ ቢያንስ አንድ ለልጅ ያልተፈቀደ ወይም ከተፈቀደበት ውጪ የዋለ መድኃኒት ወስደዋል። ከመቶ 67 ማለት ነው። ሐኪሞቹ ግዴለሾች ሆነው አይደለም። ፋብሪካዎቹ መድኃኒቱን በአዋቂ ላይ ብቻ ፈትነው ለልጅ ሳይፈትኑት ስለሚተዉት ነው። ሃሪ ሸርኪ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በ1968 ልጆችን «የሕክምና ወላጅ አልባዎች» ብሏቸው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ለልጅም ፈትኑ የሚለው ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ2007 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የልጆች መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝርም የመጣው በዚያው ዓመት። አዲስ ነገር ነው እኮ፣ ትናንት ነው።

ስለ ኦፕታልጊን። መድኃኒቱ ሜታሚዞል ይባላል። ትኩሳትና ሕመም በደንብ ያስታግሳል። አልፎ አልፎ ግን ነጭ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል። ስዊድን በ1974 ከገበያ አወጣችው፣ በ1995 መለሰችው፣ በ1999 እንደገና አወጣችው። ጀርመን ግን በማዘዣ እስከ ዛሬ ይሰጣል። ያው መድኃኒት፣ ያው መረጃ፣ ሁለት የአውሮፓ አገሮች። እህትሽን አታስደንግጫት። ልጇ ከወሰደች በኋላ የጉሮሮ ቁስልና ያልታሰበ ትኩሳት ቢመጣ ግን ቶሎ ሐኪም ታሳይ።

እኛ ሐበሾች ከሁሉ በላይ ማወቅ ያለብን ግን ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ነው። ኮዴይን ጉበት ውስጥ ነው ወደ ሞርፊን የሚቀየረው። አንዳንድ ሰው ላይ እጅግ በፍጥነት ይቀየራል። እዚሁ ስዊድን፣ ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ያለችው ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በ1996 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት ከኢትዮጵያውያን ከመቶ 29ኙ ይህን የሚያፋጥነው ዘረመል ተደራርቦባቸዋል። እዚህ ስዊድናውያን ላይ ከመቶ 1 ወይም 2 ቢሆን ነው። ቶንሲል አስወጥተው ኮዴይን የተሰጣቸው ልጆች እንቅልፍ ወስዷቸው ሳይነቁ የቀሩበት አጋጣሚ አለ። አሜሪካ በ2017 ከ12 ዓመት በታች ኮዴይንም፣ ሌላውን ማስታገሻ ትራማዶልንም ከልክላለች፣ ለሚያጠቡ እናቶችም አይመከርም። የትም አገር ልጃችሁን ቀዶ ጥገና ስታስደርጉ «ኢትዮጵያዊ ነን፣ ኮዴይን አንፈልግም» በሉ። አፍራችሁ አትተዉት።


አሽዶድ

የእስራኤሉን እኔ ልመልስ። እዚህ ለልጅ ትኩሳት መጀመሪያ የሚሰጡት አካሞሊ ነው፣ እሱ ፓራሲታሞል ነው፣ ቀጥሎ ኑሮፌን፣ እሱ ደግሞ አይቡፕሮፌን ነው። ኦፕታልጊን በቀላሉ የሚገኝ ነው፣ አዋቂው እንደ ከረሜላ ነው የሚውጠው። የኛ ችግር ሌላ ነው። እናቴ ዕብራይስጥ አታነብም። ጠብታውም ሽሮፑም ያው አካሞሊ የሚል ስም ነው ያላቸው፣ ጥንካሬያቸው ግን ለየብቻ። አንዴ ለወንድሜ ልጅ ጠብታውን በሽሮፑ ማንኪያ ልትሰጠው ስትል ደርሼ ነው እጇን የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ጠርሙሶቹ ላይ በአማርኛ ጽፌ ለጥፌያለሁ።


ሩት ከአዳማ

እኔ ጥያቄ አለኝ፣ ይቅርታ መሀል ስለገባሁ። ልጄ ልቧ ላይ ቀዳዳ አላት፣ 11 ወሯ ነው፣ 6 ኪሎ። ካፕቶፕሪል ታዞላታል። ሽሮፕ የለም። 25 ሚሊ ግራም ክኒን በምላጭ እቆርጣለሁ፣ አንዱ ቁራጭ ትልቅ አንዱ ትንሽ ይሆናል፣ ግማሹ ዱቄት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ውጭ አገር ለሕፃን እንዴት ነው የሚሰጡት?


ፋርማሲስቷ (አዲስ አበባ)

ሩትዬ፣ ምላጩን አስቀምጪው። ውጭ አገር ሽሮፕ አላቸው ወይ ፋርማሲው ራሱ ያዘጋጅላቸዋል። እኛ ጋ የምናደርገው እንዲህ ነው። ካፕቶፕሪል ውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። አንድ ባለ 25 ክኒን ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊ፣ በስሪንጅ 10 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ ለክተሽ ጨምሪበት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፣ አማስይ። ታች ትንሽ ነጭ ዝቃጭ ቢቀር አትጨነቂ። አሁን 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 2.5 ሚሊ ግራም አለ። ሐኪሟ ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ካርዷ ላይ አለ፣ በሱ ልክ በትንሿ ስሪንጅ ሳቢና አጠጫት። የተረፈውን ድፊው፣ አታስቀምጪው። ለሚቀጥለው አዲስ።

ግን ሁሉም ክኒን እንዲህ አይደረግም። የተለበጠና ቀስ እያለ የሚለቅ ክኒን አይፈጭም። ስለዚህ ሌላ መድኃኒት ሲጨመርላት ቅድሚያ ፋርማሲ ጠይቂ። ነገ ስትሄጂ መርፌ የሌላት ባለ 1 ሚሊ ስሪንጅ ስጡኝ በያቸው፣ በታዘዘላት ልክ መስመሩ ላይ ምልክት አድርገው እንዲያሳዩሽ።


ሩት ከአዳማ

እግዚአብሔር ይስጥሽ። 11 ወር ሙሉ ማንም አልነገረኝም።


የሚካ እናት (ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንብቤ ስጨርስ ተነስቼ ሚካን መዘንኩት። 14 ኪሎ ከ200 ግራም። ፋርማሲስቷ በግምት መትታዋለች።

ዶክተር፣ የክትባት ካርዱ ሻንጣዬ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አላወጣሁትም። ሳሉም እንደ ውሻ ጩኸት አልነበረም። ዴክሳሜታዞኑን «ለምንድነው?» ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ፈራሁ። ሐኪሙ የሚቆጣኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ቢጠየቅ የሚቆጣ ሰውም አልነበረም።

ከዚያ ሁለቱን ሽሮፕ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ ያመጣሁት ፓራሲታሞል 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ይላል። ታይለኖሉ 160። እኔ ሁለቱንም 5 ሚሊ ነበር የምሰጠው! ነርሷ በውስጥ መስመር እንደነገረችኝ ለአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፣ ለሱ ከ140 እስከ 210። ታይለኖሉ 5 ሚሊ ልክ ነው፣ የአዲስ አበባው ግን ከ6 እስከ 8 ሚሊ መሆን ነበረበት። «የአገር ቤቱ ፓራሲታሞል አይሠራም» ብዬ ስንት ሰው ነግሬያለሁ። አሳንሼ እየሰጠሁት ኖሯል።

ኮዴይኑን ለባሌ ነገርኩት። ሰኔ ላይ ሚካ ቶንሲሉን ሊያስወጣ ቀጠሮ አለው። ነገ ጠዋት ደውዬ ፋይሉ ላይ እንዲጻፍ አደርጋለሁ።


የልጆች ሐኪም (ጎንደር)

ደውይ። ትራማዶሉንም አብረሽ አስጽፊ፣ አንዱን ሲከለክሉ ሌላውን የሚያዝ አለ። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን እያፈራረቁ መስጠት ለአብዛኛው ልጅ ይበቃዋል፣ የሚካን ግን እዚያ የሚቀድደው ሐኪም ይወስን። የክትባት ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ አድርጊው።